ከወታደር እጅ እስከ አንቲካ ሱቅ፦ የአክሱም ከተማ ታሪክ በዕቃዎቿ



ስለ አክሱም እናገራለሁ ስል ብዙዎቻችሁ ስለ ንግሥተ ሳባ ወይም ስለ ታቦተ ጽዮን የምናገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። ስለ እነዚህ ከእኔ የተሻሉ ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል፤ ጽፈዋልም። የእኔ የዛሬ ጉዳይ ዕቃ ነው፤ በኪስ የሚገባ፣ በእጅ የሚያዝ፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ። አክሱም ትንሽ ከተማ ናት። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ግን ወታደር ሲወጣባትና ሲገባባት ኖሯል፤ የወጣውም የገባውም አንድ ነገር ትቶ ወይም አንድ ነገር ይዞ ሄዷል። ከዚያ የተረፈው ዛሬ ከፊሉ በሙዚየም፣ ከፊሉ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ ከፊሉ በአንቲካ ሱቅ ይገኛል። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ዕቃው ስንት ያወጣል የሚለው አይደለም። ከየት ተገኘ? ማን አገኘው? አጠገቡ ምን ነበረ? ይህን ሳናውቅ የያዝነው ዕቃ ታሪኩ ግማሽ ነው፤ አንዳንዴም ከግማሽ ያነሰ።

የአክሱምን ወታደር መጀመሪያ በስሙ የምናገኘው በድንጋይ ላይ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ኢዛና ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ውስጥ የዘመቱት ጭፍሮች በየስማቸው ተጠርተዋል፤ ማሐዛ፣ ሐራ እየተባሉ። በቤጃ ሕዝብ ላይ ስላደረገው ዘመቻ የሚናገረው ጽሑፍ በግሪክኛና በግዕዝ የተቀረጸ ሲሆን፣ ግዕዙም አንዴ በራሱ ፊደል፣ አንዴ ደግሞ በሳባውያን ፊደል ተጽፏል። ንጉሡ ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን አዘመተ። እነሱም ስድስት የቤጃ አለቆችን ከነሕዝባቸው ማርከው ተመለሱ፤ 4,400 ሰው፣ 3,112 ከብት፣ 6,224 በግ። ምርኮኞቹ በመንገድ ላይ እየበሉና እየለበሱ መጡ፤ በኋላም ሌላ አገር ተሰጥቷቸው ሰፈሩ። እኔ ይህን ጽሑፍ ከጀግንነት ታሪክነቱ ይልቅ በሒሳብነቱ እወደዋለሁ። አንድ ጸሐፊ ከዘመቻው መልስ ቁጭ ብሎ በጉን ሳይቀር ቆጥሯል። ከ1,600 ዓመት በላይ ያለፈው የዚያ ሰው ጥንቃቄ ዛሬ ለእኛ ዕውቀት ሆነ።

በጽሑፉ መጨረሻ እርግማን አለ፤ ይህን ድንጋይ የሚያጠፋ ወይም ከቦታው የሚነቅል እሱም ዘሩም ይነቀል የሚል። እ.ኤ.አ. በ1981 ገበሬዎች ወደ አፄ ካሌብ መቃብር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ይህንኑ ታሪክ የያዘ ሌላ ድንጋይ አገኙ። ወደ ሙዚየም አልተወሰደም። እዚያው በተገኘበት ሥፍራ ትንሽ ቤት ተሠራለት፤ ጎብኚም ወደ እሱ ይሄዳል። እርግማኑን ፈርተውም ይሁን ክብደቱ አስቸግሯቸው፣ ድንጋዩን ባለበት የተዉት ሰዎች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ያ ድንጋይ የቆመው በመንገድ ዳር ነው፤ ወደ ከተማዋ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው የተደረገ የመንግሥት ማስታወቂያ እንደነበር የምንረዳው ቦታውን ስላልለቀቀ ነው። ሙዚየም ውስጥ ብናስገባው ኖሮ ፊደሉ ይቀርልን ነበር፤ መንገዱ ግን አይቀርልንም ነበር።

አሁን ወደ ሳንቲሙ ልለፍ፤ ስለ እሱ ትንሽ ብዘገይ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። አክሱም በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በንጉሥ ኢንዱቢስ ዘመን፣ በራሷ ስም ገንዘብ መምታት ጀመረች፤ በወርቅና በብር፣ ቆይቶም በመዳብ። በዚያ ዘመን የራሳቸውን ወርቅ የሚመቱ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በወርቁ ሳንቲም ላይ የንጉሡ ምስል በግራና በቀኝ በእህል ዛላ ታጅቦ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበር፤ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ መስቀል ቦታውን ያዘ። የሃይማኖቱ ለውጥ መቼ እንደደረሰ ሊቃውንት ሲከራከሩ ከሚያነሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ሳንቲም ነው።

የመዳቡ ሳንቲም ትንሽ ናት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ከመሬት ስትወጣ አረንጓዴ ዝገት ለብሳ ስለምትገኝ መጀመሪያ ላይ ጠጠር ትመስላለች። በጥንቃቄ ስትጸዳ ግን ከአንዳንዶቹ ላይ ቢጫ ብልጭታ ይወጣል። የአክሱም አንጥረኞች በመዳቡና በብሩ ላይ፣ በመስቀሉ ዙሪያ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህን የመሰለ ሥራ በዚያ ዘመን በሌላ አገር ገንዘብ ላይ አይታይም። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በግሪክኛ፣ ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ የሚል ምኞት ተጽፏል። ለገበያ በወጣ ትንሽ መዳብ ላይ ለሕዝብ መልካም የሚመኝ መንግሥት! እኔ ከሐውልቶቹ ይልቅ በዚህ እኮራለሁ።

ወርቁ ሩቅ ተጉዟል። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ፣ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ በየመን በነበረው በሂምያር መንግሥት ላይ ዘመተ። በየመን ምድር ከሮማውያን ወርቅ ጋር አንድ ላይ ተቀብረው የተገኙ ከ300 የሚበልጡ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች አሉ። ለነጋዴ የተከፈለ ይሁን ለወታደር ደመወዝ የሄደ፣ የሚያከራክር ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ክርክሩ ራሱ ሊነሣ የቻለው ሳንቲሞቹ ባንድ ላይ፣ ባንድ ሥፍራ፣ ከሮማው ወርቅ ጋር መገኘታቸው ስለታወቀ ነው። ያው ወርቅ አንድ በአንድ በየሱቁ ቢሸጥ ኖሮ የሚቀርልን የንጉሡ ስም ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከ7ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ሳንቲሙ ቆመ፤ የመንግሥቱ ማዕከልም ወደ ደቡብ ሄደ። አክሱም ግን የጽዮን ከተማ፣ በንቡረ እድ የምትተዳደር፣ ነገሥታት ሊቀቡ የሚመጡባት ሆና ቆየች። በ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር የጽዮንን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ፤ ዛሬ አሮጌው የሚባለው ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ፋሲለደስ የተሠራ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦር የተዋጉባት ዓድዋ ከአክሱም ብዙ አትርቅም።

በ1928 ዓ.ም. የመጣው ወታደር ግን ከፊተኞቹ የተለየ ነበር። የፋሺስት ጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻገረ፤ ዓድዋን ያዘ፤ በጥቅምት መጀመሪያ አክሱም ገባ። በሐውልቶቹ ሜዳ ላይ ትልቁ ሐውልት፣ 33 ሜትር የሚረዝመውና 520 ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ እንደዛሬው ተሰብሮ ወድቆ ነበር። ሁለተኛውም፣ 24 ሜትር የሚሆነው፣ በቁርጥራጭ ወድቆ ነበር። ወራሪው ዓይኑን የጣለው በዚህኛው ላይ ነው። በ1929 ዓ.ም. ቁርጥራጩን እስከ ምጽዋ በመኪና፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ጣሊያን ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1937 ሮም ውስጥ፣ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ሕንጻ ፊት ለፊት ተተከለ። የሙሶሊኒ መንግሥት ወደ ሥልጣን የመጣበትን የሮም ሰልፍ የሚያከብርበት በዓል ማድመቂያ አደረገው። ለመቃብር ምልክትነት የተወቀረ ድንጋይ የወራሪ ድል ማሳያ ሆነ።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል፣ በ37ኛው አንቀጽ፣ ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። ሐውልቱ የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። 18 ወር የተባለው ወደ 58 ዓመት ሆነ ማለት ነው። በመካከሉ፣ በ1994 ዓ.ም. ሮም ላይ መብረቅ መትቶት ነበር። በሦስት ተቆርጦ፣ በዓለም ላይ ካሉት ግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖች በአንዱ፣ በአንቶኖቭ፣ ተጫነ። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሞ ተመረቀ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ክፍል ልንገራችሁ። ሐውልቱን ለመትከል ሥፍራው ሲጠና፣ ባለሙያዎች መሬቱን ሳይቆፍሩ ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ መረመሩት። በሐውልቶቹ መናፈሻና በመኪና ማቆሚያው አካባቢ ሥር ያልታወቁ የመቃብር ክፍሎችና መተላለፊያዎች ተገኙ። ሐውልቱ ወደ ቦታው ስለመጣ ስለ ቦታው አዲስ ነገር አወቅን። ሮም ላይ ቆሞ በኖረበት ዘመን ለሮማውያን ያስተማራቸው ነገር ቢኖር የራሳቸውን ወረራ ብቻ ነው።

ወታደር ስል በቅርቡ የሆነውን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ የጽዮን በዓል ዋዜማ ላይ፣ የኤርትራ ወታደሮች በከተማዋ ሲቪል ነዋሪዎችን ገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር ከ100 በላይ ብሎታል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው ብሏል። ስለ ዕቃ በሚናገር ንግግር ውስጥ ይህን የማነሣው ዕቃን ከሰው ሕይወት ጋር ላወዳድር አይደለም፤ ምንም ዕቃ ከሰው ሕይወት ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የአክሱምን የወታደር ታሪክ ከኢዛና ጀምሮ ቆጥሮ እዚህ ሲደርስ ዝም የሚል ተናጋሪ አድማጩን ያታልላል። ከዚያ ጦርነት ወዲህም ከትግራይ አብያተ ክርስቲያናት እንደተዘረፉ የተገመቱ የብራና መጻሕፍት በኢንተርኔት ገበያ ላይ በርካሽ ለሽያጭ መቅረባቸው ተዘግቧል።

እንግዲህ ወደ ሱቁ እንግባ። ከሐውልቶቹ ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው መንገድ የስጦታ ዕቃና የአንቲካ ሱቆች አሉ። መስቀል፣ ሙዳይና መሶብ፣ ነጠላ፣ በብራና ላይ የተሣለ የቅዱሳን ሥዕል፣ ክታብ፣ ጽናጽል። አብዛኛው አዲስ ሥራ ነው፤ አዲስ መሆኑም ምንም ነውር የለበትም። መስቀል አንጥሮ፣ ስፌት ሰፍቶ የሚኖር ሰው የአክሱምን ጥበብ ያስቀጠለ ሰው ነው። አዲሱን አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ነጋዴ አክብሩት፤ ከእሱ ግዙ። የሚያስፈራኝ አዲሱን አስመስሎ አሮጌ የሚለው እንኳ አይደለም፤ እውነተኛውን አሮጌ ከየት እንደመጣ ሳይናገር የሚሸጠው ነው።

በእነዚህ ሱቆች ሁልጊዜ ከማይጠፉት ዕቃዎች አንዱ ማርትሬዛ የሚባለው የብር ገንዘብ ነው። በእጃችሁ ያዙት። ከባድ ነው፤ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። በአንድ ፊት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ሻሽ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ በሉል የተከበበ ጌጥ አድርጋ ትታያለች፤ በሌላው ፊት ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ዓመቱ 1780 ይላል። ሁሉም 1780 ይላሉ፤ እቴጌይቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከሞተች በኋላ ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በዚያው ዓመት ቁጥር ሲመታ ኖሯል። የአገራችን ገበያተኛ ዓመቱን ሳይሆን ጌጡን አይቶ፣ ሉሉን ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ሉሉ የደበዘዘበትን ብር አይወስድም።

ይህ ብር ወደ አገራችን የገባው በቡናና በቆዳ ንግድ ብቻ አይደለም፤ በወታደርም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ የጦር አዛዥ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ለስንቅና ለጭነት እንስሳ የሚከፍለውን ማርትሬዛ በብዛት ይዞ ነው የመጣው። ሙሶሊኒ ለ1928ቱ ወረራ ሲዘጋጅ የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና አስመጥቶ ሮም ላይ አስመታ። እንግሊዞችም በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞች ጋር ጣሊያንን ለማስወጣት በዘመቱበት ጊዜ ገደማ በቦምቤይ አስመቱ። ሦስቱም በላያቸው ላይ 1780 ይላሉ። ባለሙያ የትኛው የት እንደተመታ የሚለየው የንስሩን የጅራት ላባና የጌጡን ሉል በአጉሊ መነጽር አይቶ ነው። ስለዚህ አክሱም ሱቅ ውስጥ ያለች አንዲት ማርትሬዛ የገበሬ የእህል ዋጋ ልትሆን ትችላለች፤ የወራሪ ገንዘብም ልትሆን ትችላለች፤ የነጻ አውጪም። የመጨረሻው ባለቤት ከማን እንዳገኛት ቢነግረን አንዱን እናውቅ ነበር። ብዙዎቹ ደግሞ ቀልጠው ጠፍተዋል። የአንገት መስቀል፣ አምባር፣ ጉትቻ የሚሠራ አንጥረኛ ብሩን የሚያገኘው ከማርትሬዛ ነበርና፣ አንገታችሁ ላይ ያለው የአያታችሁ መስቀል የናፒየር ወታደር የከፈለው ብር ሊሆን ይችላል። የመድፍ ቀለህም እንዲሁ፤ በትግራይ ገጠር በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተንጠልጥሎ ደወል ሆኖ ያገለግላል።

ሌላው ዕቃ ያው ትንሿ የመዳብ ሳንቲም ናት። ክረምት ዝናብ መሬቱን ሲያጥበው ሳንቲም ብቅ ይላል። ልጆች ከማሳ ይለቅማሉ፤ ለቱሪስት ያቀርባሉ፤ ወይም ለሱቅ ይሸጣሉ። ልጆቹን አልወቅስም፤ የአንድ ደብተር ዋጋ ለሚቸገር ልጅ ስለ ቅርስ መስበክ አይገባም። የምወቅሰው የሚገዛውን ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኔቪል ቺቲክ የሚባል እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት በሐውልቶቹ ሜዳ ቁፋሮ አካሄደ። ከመሬት በታች በጡብ ቅስት የተሠራ መቃብር አገኘ። አብዮቱ ፈንድቶ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዴቪድ ፊሊፕሰን የሚባል ሌላ ሊቅ መጥቶ እስከ 1997 ቀጠለው። ከዚያ መቃብር የዝሆን ጥርስ ቅርጻ ቅርጽ ወጣ፤ የወይን ሐረግና እንስሳት የተቀረጹበት፣ የዙፋን አካል እንደነበረ የሚገመት። ብርጭቆና የብረታ ብረት ሥራም ተገኘ። የአክሱም አንጥረኛና ጠራቢ እጁ ምን ያህል የረቀቀ እንደነበረ፣ ሀብታሙ እንዴት ይቀበር እንደነበረ ያወቅነው እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው ዕቃ አጠገብ፣ በየትኛው አፈር ሥር እንደነበረ እየተመዘገበ ስለወጣ ነው። ሳንቲምም እንዲሁ ያገለግላል። አንድ ቤት ወለል ላይ የአንድ ንጉሥ ሳንቲም ቢገኝ፣ ያ ቤት መቼ እንደተኖረበት እንናገራለን። ያቺኑ ሳንቲም ልጁ ለቅሞ በኪሱ ሲከታት ቤቱ ዘመኑን አጣ። ገዢው ሳንቲሟን ወሰደ፤ እኛ ግን ያጣነው ቤቱን ነው። ሐውልቱን የወሰደው ወራሪ ያደረገውን፣ ይህ ገዢ በትንሹ አደረገው እላለሁ። መጠኑ ይለያያል፤ ጉዳቱ አንድ ዓይነት ነው።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፈር ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ሕጉ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁ ሳንቲሟን ይዞ ወደ ከተማዋ ባህል ጽሕፈት ቤት ሲሄድ የሚቀበለው፣ የሚያመሰግነው፣ የት እንዳገኛት የሚጠይቀውና በመዝገብ የሚያሰፍር ሰው ያስፈልገዋል። ለልጁም የሚሰጠው ነገር መኖር አለበት፤ ገንዘብ ቢሆን የተሻለ ነው። ሐውልት ለማስመለስ የወጣውን ወጪ ያህል ሳይሆን የእሱን ቅንጣት መንግሥት ቢመድብ ይበቃል።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልጨርስ። አክሱም ብትሄዱ ከሱቁ አዲስ መስቀል ግዙ፤ ስፌት ግዙ፤ የሠሪውን ስም ጠይቁና ጽፋችሁ ያዙ። ከምድር የወጣ ሳንቲም ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ። ቤታችሁ ደግሞ የአያት ማርትሬዛ፣ የአርበኛ ሜዳሊያ ወይም የጣሊያን ወታደር የጣለው ኮዳ ካለ፣ ያመጣው ሰው በሕይወት ሳለ ከማን፣ የት፣ መቼ እንዳገኘው ጠይቁት። በወረቀት ጻፉት፤ ቀኑን ጨምሩበት፤ ወረቀቱንም ከዕቃው ጋር አስቀምጡት።